ወደ መርዶ የሄድንባት የሽርሽር መኪና

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ልጄ ሳራ አንድ ነጭ የመኪና ቤት ተከራይታ መጣችና በራችን ላይ አቁማ "ዳድ፣ ና እየው!" ብላ ጮኸች። የመኪና ቤት የምለው እኔ ነኝ፤ እነሱ ካምፐር ቫን ይሉታል። አልጋ አለው፣ የጋዝ ምድጃ አለው፣ የዕቃ ማጠቢያ አለው፤ የእንግዳ ሳሎን ብቻ ነው የቀረው። ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ከደርባን ጀምረው የባሕሩን ዳር ዳር ይዘው እስከ ጄፍሪስ ቤይ ሊወርዱ ነው፤ መንገድ ላይ ሰርፍ ሊማሩ። ሰርፍ ማለት፣ ለማያውቅ ሰው፣ ረጅም ጣውላ ላይ ቆሞ በማዕበል ጀርባ መንሸራተት ነው። "ሰው ከፍሎ የሚወድቅበት ጨዋታ" ብላት "ዳድ፣ ቺል!" አለችኝ፣ ረጋ በል ማለቷ ነው፣ ሳቀችም። እኔም አንገቴን በበሩ አስገባሁ። እርጥበት የገባው የስፖንጅ ፍራሽ፣ ጋዝ፣ ታጥቦ በደንብ ያልደረቀ መጋረጃ ሸተተኝ። ባለሁበት ቀረሁ። ልጅቷ ደንግጣ "ምነው?" ስትለኝ "ምንም፣ ጥሩ ነው፣ ንጹሕ ነው" ብያት ወደ ቤት ገባሁ። ከሃያ ዓመት በፊት፣ እንዲያውም ከዚያም አልፎ፣ ይህን የመሰለ መኪና ይዘን ወደዚያው ባሕር ወርደን ነበር። ለሽርሽር ነው ብለን ወጣን፤ የሄድነው ግን ለመርዶ ነበር።

ያ ጊዜ ሞባይል ገና የሀብታም ዕቃ ነበር። ዳቦ በሳንቲም ይገዛል፤ መቶ ራንድ ኪሱ ያለው ሰው ትከሻውን ሰፋ አድርጎ ይሄዳል። ጆሃንስበርግ፣ ጀፕስታውን በሚባለው ሰፈር ውስጥ ከአንድ ጎማ ጠጋኝ በላይ ያለች ክፍል ተከራይተን ለሦስት እንኖር ነበር፦ ታምራት፣ ላምቤቦና እኔ። ፍራሹ ሁለት ነው፤ በተራ አንዱ ብቻውን ይተኛል። ሦስታችንም ያኔ ፋሽን የነበረውን ሰፋፊ ሸሚዝ ሱሪያችን ውስጥ ሳንከት እንለብሳለን፤ ጫማችን ጫፉ አራት ማዕዘን የሆነው ነው፣ ከአንድ ሱቅ የገዛነው፣ ጠዋት ጠዋት የማን የማን እንደሆነ እስክንለይ እንጨቃጨቃለን። ጥጉ ላይ ካሴት የሚሸጥ ኮንጎአዊ ነበር፤ ከማለዳ ጀምሮ ጊታሩን ያስጮኸዋል፣ አንዳንዴ እኛን ለማስደሰት ከየት እንዳመጣው የማናውቀውን የትዝታ ዘፈን ያስገባል። ታምራት ያኔ መንገድ ላይ ቆሞ ዓይኑን ጨፍኖ ይሰማል። "አቦ ና፣ ታክሲው ሞላ!" ብለን በክንዱ እንጎትተዋለን። የአልጋ ልብስና ብርድ ልብስ ተሸክመን ቴምቢሳ የሚባለው የጥቁሮች ሰፈር እንወርዳለን፣ በር እያንኳኳን "ሳውቦና ማማ"፣ እንደምን ነሽ እናቴ፣ እያልን እንሸጣለን። ዛሬ ያ የካሴት ጥግ የሞባይል ሽፋን መሸጫ ሆኗል፤ እኔም ሱቄ ከዚያ ሁለት በር አልፎ ነው፣ በየቀኑ አየዋለሁ።

ላምቤቦ የሆሳዕና ልጅ ነው፣ እኔ የወልቂጤ። አማርኛ ለሁለታችንም የእናታችን ቋንቋ አይደለም፤ እሱ ሲናደድ በሀዲይኛ ይሳደባል፣ እኔ ሲርበኝ በጉራጊኛ አጉረመርማለሁ፣ ስንታረቅ በአማርኛ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሳቂታ ሰው ነበር። በኋላ ኦሬንጅ ፋርም በሚባል ሰፈር ሱቅ ከፈተ፣ እዚያ መሣሪያ ደቅነው ዘረፉት፣ ነፍሱን ይዞ ወጣ። "ከዚህ ከተማ ራቅ ልበል" አለና ባሕሩ ዳር፣ ከፖርት ኤልዛቤት ወጣ ብላ ባለች መንደር ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ የሰፈር ሱቅ ከፈተ። የከተማዋ ስም ዛሬ ተቀይሯል፤ አዲሱን ምላሴ እምቢ ስላለኝ በድሮው ልጥራት። ሁለት ዓመት እዚያ ሲኖር ባሕሩ ከሱቁ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው፣ ግን አንድ ቀን እግሩን አልነከረበትም። ሱቅ እንደሱ ነው፤ ጎህ ሲቀድ ትከፍታለህ፣ ሰው ሲያልቅ ትዘጋለህ፣ እሑድ እንኳ የለህም። አባቱ ግን ባሕር አይተው የማያውቁ ገበሬ ነበሩ። በየወሩ መጀመሪያ እሑድ፣ ጎረቤት ያለ ባለ ሱቅ ስልክ ላይ ይጠብቁታል። ስለ ጤናው ከጠየቁ በኋላ የሚያነሱት ባሕሩን ነው። "ዳርቻው አይታይም የሚሉት እውነት ነው? ጨው ነው ወይ? ገባህበት ወይ?" ይሉታል። ላምቤቦም "ገብቻለሁ አባ" ይላል። ይህን እየሳቀ ነበር የሚነግረን፣ ደስ ግን አይለውም ነበር።

የአባቱ መሞት የተነገረው ለእኔ ነው። ከታች ጎማ ጠጋኙ፣ አንድ ሽማግሌ ፖርቱጋላዊ፣ "ስልክ! ኢትዮጵያ!" ብሎ ጣራውን በዱላ ደበደበና ወረድኩ። የላምቤቦ ታላቅ ወንድም ነበር። ቀብረዋቸዋል። "አደራህን፣ በስልክ እንዳይሰማ" አለኝ። "ሄዳችሁ፣ አጠገቡ ሆናችሁ ንገሩት። ለባለ ሱቁም ነግረነዋል፣ ግን ልጁ እሑድ ይደውላል፣ ሰውዬው ደግሞ ወሬ አይቋጥርም።" የቀረን አምስት ቀን ነው። ለእኛ ሰው መቼም ይህን ማስረዳት አያስፈልግም፤ መርዶ በስልክ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ሰው ተሰብስቦ፣ ሽማግሌ ቀድሞ ገብቶ፣ ሰውየው ተቀምጦ፣ ግራና ቀኝ የሚይዘው ወንድም ኖሮ ነው። ሳራ አንድ ጊዜ "ዋይ ኖት ጀስት ኮል?" ብላ ለምን ደውለን ብቻ እንዳልነገርነው ጠየቀችኝ። ሰው ብቻውን ስልክ ጨብጦ ግድግዳ እያየ አባቱን ማጣት የለበትም፣ ሌላ ምን ልበላት።

ችግሩ አካሄዱ ነበር። ታምራት "ሰው ሳይጠራ ከጆበርግ ድረስ በአውቶቡስ ከመጣበት፣ ገና በሩን ሳናንኳኳ ያውቃል" አለ። እውነቱን ነው። ያን ጊዜ ማንም ማንን ለመጠየቅ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር አይሄድም፤ ሥራ አለ። ምክንያት ያስፈልግ ነበር። ኮምቢ የሚሏት የፖርቱጋላዊው ሚኒባስ ጓሮ ቆማ ነበር፤ ብርቱካንማ፣ ጣራዋ ወደ ላይ የሚከፈት፣ አልጋና ምድጃ ያላት፣ ልጆቹ ካደጉ ወዲህ ማንም ያልነካት። ታምራት መንጃ ፈቃድ አለው። "ሽርሽር ነው እንበለዋ! ኮምቢ ተከራይተን ባሕር ልናይ መጣን፣ ሰርፎቹን ልናይ መጣን፣ በቃ!" አለ። የመንገድ ዳር ማደሪያ ቤት አንደኛ ውድ ነው፣ ሁለተኛ በእኛ የጥገኝነት ወረቀት የሚያሳድረን መኖሩን እንጃ፤ አልጋዋን ይዛ የምትሄድ መኪና ከሰማይ የወረደች መሰለችን። ሽማግሌ ደግሞ ሳይዙ መርዶ የለም። ጋሽ ወልዴን ለመንናቸው። አገር ቤት አስተማሪ የነበሩ፣ ጀፕስታውን ውስጥ ከሁላችን በዕድሜ የሚበልጡ፣ ለማስታረቅም ለመርዶም የሚጠሩ ሰው ናቸው። "እሺ" አሉና ግራጫ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ክራቫታቸውን አስረው፣ ባርኔጣቸውን ይዘው መጡ። ታምራት "ጋሼ፣ ሽርሽር እኮ ነው የምንለው፣ ቢያንስ ክራቫቱን..." ብሎ ጀመረ። "ለሰው አባት ሞት በቁምጣ አልሄድም" አሉት።

ረቡዕ ጠዋት ወጣን። ሳራ መንገዷን በስልኳ ታያለች፣ ስልኩ ውስጥ ያለችው ሴትዮ "ወደ ግራ ታጠፊ" ትላታለች። እኛ ካርታችን ከነዳጅ ማደያ የተሰጠን ወረቀት ነበረች፣ ብሉምፎንቴን ላይ ታጥፋ የተቀደደች፤ ከዚያ ከተማ በኋላ መንገዱን በእምነት ነው የሄድነው። ፍሪ ስቴት የሚሉት ክፍለ ሀገር ሜዳ ብቻ ነው፣ በቆሎ፣ ሽቦ፣ በቆሎ። ኮምቢዋ ዳገት ስታይ ታቃስታለች፣ የጭነት መኪናዎች ጡሩምባ እየነፉብን ያልፋሉ። ኦሬንጅ ወንዝን ተሻግረን ደረቁ አገር ላይ ስንደርስ አደርን። ጋሽ ወልዴ ዋናው አልጋ ላይ፣ ታምራት ጣራው ውስጥ፣ እኔ ወንበሩ ላይ ታጥፌ። በቆርቆሮ የታሸገ ዓሣና ዳቦ በላን። መንገዱን ሁሉ የምናወራው አንድ ነገር ነው፤ ማን ይጀምራል፣ ምን ይላል፣ እኔ በየት በኩል እቀመጣለሁ። ጋሽ ወልዴ ሦስት ጊዜ አስጠኑን። "እኔ 'ልጄ ላምቤቦ' ስል፣ እናንተ ጠጋ በሉ" አሉን። ፈተና እንደሚሄድ ተማሪ ሆንን ማለት ነው።

ሐሙስ ወደ ማታው ደረስን። ላምቤቦ ከሱቁ የብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ስኳር እየመዘነ ነበር። ኮምቢዋን አየ፣ ታምራትን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ጋሽ ወልዴ ባርኔጣቸውን እያስተካከሉ ወረዱ። የስኳሩ ማንኪያ እጁ ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ "እንዴ! እንዴ! ምን እግር ጣላችሁ?" ብሎ ዘሎ ወጣና አንድ በአንድ ትከሻ ለትከሻ ሳመን። ታምራት "ሽርሽር! ሰርፍ ልናይ!" ብሎ ጮኸ፣ ትንሽ አበዛው። ላምቤቦ ሳቀ። ወደ ጓዳ አስገባን፣ እንቁላል ጠበሰ፣ ሳርዲን ከፈተ፣ ስለ ጀፕስታውን ጠየቀን፣ ስለ ኮንጎአዊው ጠየቀን። ስለ ቤተሰብ ግን አልጠየቀም። ያን ጊዜ እንዴት እንዳላስተዋልኩት ይገርመኛል።

መርዶውን ዓርብ ጎህ ሲቀድ ልንነግረው ተስማምተን ነበር። ስንነሳ እሱ ቀድሞን ተነስቷል። ሱቁን ቆልፏል፣ ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጓል፣ ሁለት ዳቦና አንድ ሳጥን ለስላሳ ኮምቢዋ ውስጥ ጭኗል። "ሁለት ዓመት ዘግቼ አላውቅም፣ ዛሬ ዘግቻለሁ። ባሕር አስገቡኝ" አለ። ጋሽ ወልዴ "ልጄ ላም..." ሲሉ "መንገድ ላይ እንጫወታለን ጋሼ፣ ማዕበሉ በጠዋት ነው የሚያምረው ይላሉ" አላቸውና መኪናዋ ውስጥ ገባ። እርስ በርስ ተያየን። ሰውየው እንዲህ ደስ ብሎት ሳለ እንዴት ተብሎ? ጋሽ ወልዴ በቀስታ "ነገ" አሉኝ።

ያን ባሕር ሳየው ለእኔም የመጀመሪያዬ ነበር። ጄፍሪስ ቤይ ያኔ እንዳሁኑ ሱቅ በሱቅ አልነበረችም፤ አሸዋ፣ ጥቂት ነጫጭ ቤቶች፣ የተጠበሰ ዓሣ የሚሸጥበት መስኮት። እንደ ቆዳ የተጣበቀ ጥቁር ላስቲክ የለበሱ ሰዎች ጣውላቸውን በብብታቸው ይዘው ወደ ውኃው ይሮጣሉ። ላምቤቦ ሱሪውን አውልቆ በቁምጣው ገባ። እስከ ጉልበቱ፣ እስከ ወገቡ፣ ከዚያ አንድ ማዕበል መጣና ዋጠው። ሲወጣ አፉን እየጠረገ "ጨው ነው! እውነት ጨው ነው!" ብሎ ይጮኻል። ፀጉሩን ፀሐይ ያነጣው አንድ ጎልማሳ አየውና ጣውላውን አዋሰው፣ በሆዱ አስተኛው፣ ማዕበሉ ሲመጣ ከኋላ ገፋው። ላምቤቦ እንደ ጀልባ እየበረረ መጥቶ አሸዋው ላይ ተዘረጋ። እንደገና ሄደ። ስንት ጊዜ እንደወደቀ አልቆጠርኩም። እኔም ታምራትም ገባን፣ የውስጥ ሱሪያችንን አሸዋ ሞላው፣ ሰው ይስቅብናል፣ እኛም እንስቃለን። ጋሽ ወልዴ በሙሉ ልብሳቸው፣ በጫማቸው፣ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ተጭነው ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። እውነቱን ልናገር፣ እዚህ አገር ከመጣሁ እንደዚያ ቀን የሳቅሁበት ቀን የለም። ያውም አባቱ የሞተበት ሰው ፊት፣ እያወቅሁ፣ ጥርሴን ገልፍጫለሁ።

ሌሊቱን ባሕሩ ዳር ኮምቢዋ ውስጥ አደርን፤ ቅዳሜም እንዲሁ ሆነ። ጎህ ሲቀድ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ልጄ ላምቤቦ" አሉ። እኛ እንደተባልነው ጠጋ አልን። ላምቤቦ ከአልጋው ዘሎ በሩን ከፈተና "ማዕበሉ መጥቷል!" ብሎ ባዶ እግሩን ሮጠ። ታምራት "ይህ ሰው አብዷል" አለ። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ላምቤቦ ለአንድ አፍታ ጣውላው ላይ ቆመ። ቆመ ስል ሁለት እግሩን አጥፎ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ እንደሚወድቅ እያወቀ። ዳር ያሉት ሁሉ አጨበጨቡለት። እሱ ግን ወደ እኛ አላየም፣ ወደ ባሕሩ ዞሮ ትንሽ ቆየ።

እሑድ ደረሰ። የወሩ የመጀመሪያ እሑድ። ከቁርስ በኋላ ላምቤቦ ውኃ ውስጥ ገብቶ ወጣና ሳይደርቅ ሸሚዙን ለበሰ፣ ኪሱን ዳበሰ፣ ሳንቲሞች አወጣና የዓሣው መስኮት አጠገብ ወዳለው የሕዝብ ስልክ መሄድ ጀመረ። ጋሽ ወልዴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ፣ እግራቸው አሸዋው ውስጥ ገባ። ታምራት ድርቅ አለ። እኔ ሮጥኩ። ስደርስ እጀታውን አንስቷል፣ ሳንቲም ጨምሯል፣ ቁጥር ሊመታ ነው። ጣቴን የስልኩ መዝጊያ ላይ ጫንኩ።

"ላምቤ፣ አትደውል።"

"ለምን?"

መንገዱን ሁሉ ያጠናነው ጠፋብኝ። "አባባ የሉም" አልኩት። በቃ። መንገድ ላይ፣ ባዶ እግሬን፣ ከቁምጣዬ ውኃ እየተንጠባጠበ፣ በጠራራ ፀሐይ።

እጀታውን ቀስ አድርጎ ሰቀለው። ማሽኑ የመለሰለትን ሳንቲም ለቅሞ ኪሱ ከተተ። ከዚያ "አባ! አባዬ!" ብሎ መሬቱ ላይ ወደቀ። ጋሽ ወልዴ ደርሰው ባርኔጣቸውን ወርውረው አጠገቡ ተንበረከኩ፣ ታምራት በግራ እኔ በቀኝ ያዝነው። ሰዎች መጡ። ያ ፀጉሩ የነጣው ሰውዬ ጣውላውን መሬት ጥሎ ቆመ። የዓሣው መስኮት ሠራተኛ፣ አንዲት ትልቅ ሴት፣ ምን ሆኖ ነው ብላ ጠየቀችን። "አባቱ" አልናት። ሽርጧን እንደታጠቀች መጥታ አብራን መሬት ላይ ተቀመጠች፣ የማናውቀውን የቤተ ክርስቲያን መዝሙር በዝግታ ጀመረች። ወደ መንደሩ ስንመለስ ደንበኞቹ ሁሉ ሰምተው ሱቁ ደጃፍ ወንበር ደርድረው ጠበቁን። ሦስት ቀን ተቀመጥን፣ ከዚያ እያለቀሰ ሸኘን።

ይህ ነገር ለዓመታት ሲበላኝ ኖረ። ሌላው ጥፋቴ ሁሉ ቀለለኝ፣ ይህ አልቀለለኝም። ሽማግሌ ይዘን፣ መኪና ተከራይተን፣ አንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተን፣ በመጨረሻ መንገድ ላይ ነገርኩት። ከዚያ በፊት ደግሞ ሦስት ቀን አሳቅነው። ጋሽ ወልዴም እስኪያርፉ ድረስ "አዋረድነው" ይሉ ነበር። ከላምቤቦ ጋር ስንገናኝ አንስቼበት አላውቅም፤ እሱም አላነሳብኝም። ሠርጌ ላይ መጣ፣ ለሳራ ክርስትና መጣ፣ ፀጉሩ ሸበተ፣ ሱቁ ሁለት ሆነ።

የዛሬ ሦስት ዓመት ግድም ነው፣ ሳራ "ዳድ፣ ስልክህ አፕዴት ይፈልጋል" ብላ ወሰደችብኝና ሁለት ቀን አልመለሰችም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ላምቤቦ ነው፣ ጃኬቱን እንደለበሰ፣ ዓይኑ የመንገድ ድካም ሞልቶታል። እናቴ ወልቂጤ ውስጥ ከታመመች ሰንብታ ነበር።

"ምን እግር ጣለህ?" አልኩት።

"ዕቃ ልገዛ መጣሁ" አለኝ። የእሱ ዕቃ በጭነት መኪና ነው የሚላክለት፤ የምልክለት እኔ ነኝ።

ገባ፣ ተቀመጠ። ሳራ እንቁላል በቃሪያ ጠብሳ አቀረበችልን። ዓይኗ ቀልቷል። "ሽንኩርት ነው" አለች፤ እንቁላሉ ውስጥ ሽንኩርት አልነበረም። ወደ ጓዳ ተመለሰች። ሳህኑን ወደ እኔ ሳብኩ፣ ግን አልቆረስኩም።

"ላምቤ፣ ያኔ ወደ አንተ የመጣን ጊዜ፣ መቼ ነው ያወቅከው?"

አንገቱን ሰበር አድርጎ፣ "ጋሽ ወልዴ በክራቫት ከኮምቢዋ ሲወርዱ" አለኝ። "ሽማግሌ ይዞ ባሕር ሊዝናና የሚወጣ ሐበሻ የት አይተሃል?"

"ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"አባቴ በየወሩ 'ገባህበት ወይ' እያለኝ ሁለት ዓመት ዋሸሁት። እናንተ አንዴ ከነገራችሁኝ ለቅሶ ተቀማጭ ነኝ። ለቅሶ የተቀመጠን ሰው ማን ባሕር ያስገባዋል? መጀመሪያ ልግባበት፣ ከዚያ ይንገሩኝ አልኩ። እያንዳንዱን ማዕበል ለእሱ ነው የገባሁት።"

"ስልኩስ?"

"ሳንቲም ይዤ ባልነሳ እስከ ፋሲካም አትነግሩኝም ነበር" አለና ፈገግ አለ። ከዚያ ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አደረገ። "ብላ። አላስቸኩልህም።"

በላሁ። እንጀራ እንደሚቆጥብ ሰው እየቆራረስኩ፣ ዳቦውን በዘይቱ እያጠቀስኩ በላሁ። ሁለተኛ ሻይ አስቀዳሁ፣ ስኳር ጨመርኩ፣ አማሰልኩ። ልጅ ሳለሁ እናቴ ሳልጨርስ እንዳልነሳ የምትቆጣኝን አስታወስኩ። ላምቤቦ እጁን አጣጥፎ ተቀምጧል፣ አንድም ጊዜ ሰዓቱን አላየም። የሚናገረውን ዐውቃለሁ፣ ግን እስኪናገረው ድረስ እናቴ አለች። ሳህኑን ጨረስኩ። ሄጄ እጄን ታጠብኩ፣ ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ፣ ሳራ ከጓዳ ወጥታ በግራዬ ቆመች።

"በል አሁን ንገረኝ" አልኩት።